ማ ሬይኒ

ማ ሬይኒ (የትውልድ ስሟ ገርትሩድ ፕሪጀት፤ የሞተችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1939) ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ፣ የዘፈን ደራሲና የተጓዥ ትርዒት ቡድን መሪ ነበረች። ብሉዝ የተባለውን የሙዚቃ ዓይነት ከእርሻ ሰፈርና ከመንደር አውጥተው ለመድረክ ካበቁት የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች አንዷ በመሆኗ «የብሉዝ እናት» የሚል ስም ተሰጥቷታል። ከ1923 እስከ 1928 ባሉት አምስት ዓመታት ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ዘፈኖች በሸክላ አስቀርጻለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ሬይኒ ከወንዶችም ከሴቶችም ጋር የፍቅር ግንኙነት እንደነበራት በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር በሕግ በሚያስቀጣበትና ጥቁር ሰው በአደባባይ አንገቱን ቀና አድርጎ መሄዱ እንኳ እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ዘመን፣ ይህን የሕይወቷን ገጽታ በዘፈን፣ በሳቅና በጭፈራ አቅርባዋለች። በ1928 ያስቀረጸችው «ፕሩቭ ኢት ኦን ሚ ብሉዝ» የሴት ለሴት ፍቅርን በግልጽ ካነሡ የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ዘፈኖች አንዱ ነው።

ትውልድና ልጅነት

ሬይኒ ኤፕሪል 26 ቀን 1886 በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ እንደተወለደች ራሷ ትናገር ነበር። በ1900 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ግን የልደቷን ጊዜ ሴፕቴምበር 1882፣ ቦታውንም አላባማ ያደርገዋል። ስለዚህ በሕይወት ታሪኳ ሁለቱም ይጠቀሳሉ። ወላጆቿ ቶማስ ፕሪጀትና ኤላ ፕሪጀት የአላባማ ተወላጆች ነበሩ።

ኮሎምበስ በቻታሁቺ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ በጥጥ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። ሬይኒ ያደገችው ባርነት በ1865 በሕግ ከተሻረ በኋላ በተወለደው የመጀመሪያ ትውልድ ውስጥ ነው። ይህ ትውልድ በወረቀት ነጻ ቢሆንም በልጅነቱ ያየው ነጻነቱ አንድ በአንድ ሲወሰድበት ነው። የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁሮችንና ነጮችን በባቡር፣ በትምህርት ቤትና በመዝናኛ ስፍራ የሚለያዩ ሕጎችን አወጡ፤ በ1896 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው መለያየት ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። ጥቁሮችን ያለ ፍርድ በመንጋ ይዞ መግደልም የተለመደ ሆነ። ለአንዲት ጥቁር ልጃገረድ የተተዉት ሥራዎች የጥጥ ለቀማ፣ የልብስ አጠባና የቤት ሠራተኝነት ነበሩ። መድረክ ከእነዚህ ለማምለጥ ከሚያስችሉ ጥቂት በሮች አንዱ ነበር።

ገርትሩድ በ14 ዓመቷ ገደማ በኮሎምበስ በሚገኘው ስፕሪንገር ኦፔራ ሃውስ በቀረበ የአካባቢው ተወላጆች ትርዒት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ዘፈነች። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ በየከተማው እየዞሩ ከሚሠሩ ቡድኖች ጋር መጓዝ ጀመረች።

የድንኳን ትርዒት ዓመታት

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1904 ዊል ሬይኒ የተባለ ዘፋኝና ኮሜዲያን አገባች። እሱ «ፓ»፣ እሷ «ማ» እየተባሉ መጠራታቸውም ከዚህ ጋብቻ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለቱ አብረው ከሠሩባቸው ቡድኖች ዋነኛው ራቢትስ ፉት ሚንስትረልስ ይባል ነበር። ሚንስትረል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው በጥቁሮች ላይ ያላገጡበት የትርዒት ዓይነት ነው። በሬይኒ ዘመን ግን ስሙን ጥቁር ተዋንያን ያሉባቸው ቡድኖችም ይዘውት ነበር፤ እነዚህ ቡድኖች ለጥቁር ተመልካች ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ቀልድና አክሮባት ያቀርቡ ነበር።

ትርዒቱ የሚቀርበው በትልቅ ድንኳን ውስጥ ነው። ቡድኑ ከከተማ ወደ ከተማ በባቡር ይጓዛል፤ ከደረሰ በኋላ ድንኳኑ ይተከላል፣ መድረኩ በጣውላ ይሠራል፣ መብራቱ ፋኖስ ነው። የጥጥ ምርት ተሰብስቦ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባበት ወቅት ለትርዒቱም ጥሩ ገበያ ነበር። ነጮችም እየመጡ ያዩ ስለነበር ድንኳኑ ውስጥ አንዱ ወገን ለጥቁሮች ሌላው ለነጮች ይከፈል ነበር። ተዋንያኑን የሚያሳድር ሆቴል በሌለባቸው ከተሞች በባቡር ፉርጎ ወይም በጥቁር ቤተሰቦች ቤት ያድሩ ነበር።

ከ1914 ጀምሮ ባልና ሚስቱ «ሬይኒና ሬይኒ፣ የብሉዝ ገዳዮች» በሚል አስቂኝ የማስታወቂያ ስም ይሠሩ ነበር። ክረምቱን በኒው ኦርሊንስ ያሳልፉ ስለነበር ሬይኒ በዚያ ጆ «ኪንግ» ኦሊቨርን፣ ሲድኒ ቤሼንና ሉዊ አርምስትሮንግን ከመሳሰሉ የጃዝ ሙዚቀኞች ጋር ተዋወቀች። በ1916 ከባሏ ተለየች። ከዚያ በኋላ ስሙን እንደያዘች የራሷን ቡድን እየመራች ቀጠለች፤ ሴት በዚያውም ላይ ጥቁር ሴት የቡድን አለቃና ደመወዝ ከፋይ ስትሆን በጊዜው ብርቅ ነበር።

ወጣቷ ቤሲ ስሚዝ በ1912 ሬይኒ ወደምትሠራበት ቡድን በተወዛዋዥነት የገባችው በዚህ ዘመን ነው። ስሚዝ በኋላ ላይ «የብሉዝ ንግሥት» ተብላ ከሬይኒ በላይ ዝነኛ ሆናለች። ሬይኒ ስሚዝን ከቤተሰቧ ጠልፋ ወስዳ ዘፈን አስተማረቻት የሚል ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል፤ የስሚዝ ዘመዶች ግን ይህን አስተባብለዋል። የሁለቱ ወዳጅነት እስከ ኋለኞቹ ዓመታት መዝለቁ ግን የታወቀ ነው።

ብሉዝን ወደ መድረክ ማምጣቷ

ሬይኒ ለሙዚቃ ተመራማሪው ጆን ወርክ እንደተረከችው፣ ብሉዝን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው በ1902 ገደማ በሚዙሪ ክፍለ ግዛት በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። አንዲት ልጃገረድ ወደ ድንኳኑ መጥታ ጥሏት ስለሄደ ወንድ የሚያሳዝን እንጉርጉሮ ስትዘፍን ሰማቻት። ዜማው እንግዳ ስለሆነባት ከልጅቷ ተማረችው፤ በትርዒቷ መጨረሻም ትዘፍነው ጀመር። ተመልካቹ አጥብቆ ስለወደደው ከዚያ ወዲያ ከፕሮግራሟ አላወጣችውም። ስሙን ብሉዝ ያለችው እሷ እንደሆነች ብትናገርም ቃሉ ከዚያ በፊት ይሠራበት ስለነበር ተመራማሪዎች ይህን አይቀበሉም።

የብሉዝ የተለመደው የግጥም አሠራር ሦስት ስንኝ ያለው ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ይባላል፤ በሁለተኛው እንደገና ይደገማል፤ ሦስተኛው መልስ ይሰጣል። የአድማጩ ጉጉት የሚያርፈው በሦስተኛው ስንኝ ላይ በመሆኑ ዘፋኙ ሐዘን ጀምሮ በቀልድ ሊጨርስ ይችላል። ሬይኒ ይህን አሠራር በደንብ ተጠቅማበታለች። ወፍራምና ሻካራ ድምፅ ነበራት፤ ቃላቱን በገጠር ደቡባዊ አነጋገር እየጎተተች ታወጣቸዋለች። የዘፈኖቿ ሰዎች ጥጥ ለቃሚዎች፣ እስረኞች፣ ጠጪዎች፣ ባሏ የከዳትና ባሏን የከዳች ሴት ናቸው። «ቦ ዊቪል ብሉዝ» ስሙን የወሰደው በወቅቱ የደቡቡን የጥጥ እርሻ ካጠፋው ነቀዝ ነው።

የሸክላ ዘመን

በኦገስት 1920 ዘፋኝ ማሚ ስሚዝ ያስቀረጸችው «ክሬዚ ብሉዝ» ሳይታሰብ በብዛት ስለተሸጠ፣ የሸክላ ኩባንያዎች ጥቁር ገዢ መኖሩን ተረዱ። ለጥቁር ገበያ ብቻ የተለዩ ተከታታይ ሸክላዎችንም ማውጣት ጀመሩ። ከእነዚህ ኩባንያዎች አንዱ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት የሚገኘው ፓራማውንት ሲሆን፣ ባለቤቱ የወንበር ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው የግራማፎን ሳጥን ሲሠራ ቆይቶ ወደ ሸክላ ሥራ የገባ ነው።

ሬይኒ ከፓራማውንት ጋር የተዋዋለችው በ1923 መጨረሻ ሲሆን በዲሴምበር ወር በቺካጎ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ዘፈኖች አስቀረጸች። በዚህ ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ በመድረክ ላይ ቆይታለች። ኩባንያው ቺካጎ ዲፌንደር በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ የብሉዝ እናት አድርጎ አቀረባት። ሸክላዎቹ በፖስታ ይታዘዙ ነበር፤ በባቡር የሚሠሩ ጥቁር አስተናጋጆችም ወደ ደቡብ ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር። በዚያው ወቅት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ቺካጎና ወደ ሌሎች ሰሜናዊ ከተሞች ይሰደዱ ስለነበር፣ የሬይኒ ድምፅ ለስደተኛው የአገሩን አነጋገር የሚያሰማ ነበር።

በኦክቶበር 1924 በኒው ዮርክ ያስቀረጸችው «ሲ ሲ ራይደር ብሉዝ» ከሥራዎቿ ሁሉ የበለጠ ዝነኛ ነው። በዚህ ቀረጻ ላይ ሉዊ አርምስትሮንግ ኮርኔት ሲነፋ ፍሌቸር ሄንደርሰን ፒያኖ ተጫውቷል። ዘፈኑን ከእሷ በኋላ በርካታ ዘፋኞች፣ በ1970ዎቹ ኤልቪስ ፕሬስሊን ጨምሮ፣ ተጫውተውታል።

የፓራማውንት ሸክላዎች በርካሽ ቁሳቁስ ስለተሠሩ በእሽታ ድምፅ የተሞሉ ናቸው። የሬይኒን ቀረጻዎች የሚሰማ የዛሬ አድማጭ ድምፅዋን እንደ መጋረጃ ከሚሸፍነው ጫጫታ ውስጥ መፈለግ አለበት። ከተመልካቿ የተገኙት ምስክርነቶች ግን በመድረክ ላይ የነበራት ኃይል ሸክላው ከያዘው እጅግ የላቀ እንደነበር ይስማማሉ።

በመድረክ ላይ

በኤፕሪል 1924 ሬይኒ ዋይልድካትስ ጃዝ ባንድ ከተባለ ቡድን ጋር በቺካጎ ግራንድ ቲያትር ቀረበች። የባንዱ መሪ ፒያኒስቱ ቶማስ ዶርሲ ነበር። ከዚያም ቶባ በሚል አጭር ስም በሚታወቀው የጥቁር ተመልካች ቲያትሮች ማኅበር በኩል በደቡብና በመካከለኛው ምዕራብ ከተሞች ተዘዋወረች። ማኅበሩ በዝቅተኛ ክፍያውና በአድካሚ ጉዞው በተዋንያን ዘንድ ይታማ ነበር።

ዶርሲ በኋላ ዘመኑ እንዳስታወሰው፣ መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ አንድ በጣም ትልቅ ግራማፎን ይታያል። አንዲት ልጅ ትመጣና ትልቅ ሸክላ ታስቀምጥበታለች። ባንዱ ይጀምራል፤ ሬይኒ በግራማፎኑ ሳጥን ውስጥ ተደብቃ መዝፈን ትጀምራለች። ከጥቂት ስንኞች በኋላ የሳጥኑ በር ተከፍቶ በሚያብረቀርቅ ልብስ ወደ ብርሃኑ ብቅ ስትል አዳራሹ በጩኸት ይናወጣል። በአንገቷ ላይ ከወርቅ ሳንቲሞች የተሠራ ሐብል፣ በጆሮዋና በጣቶቿ አልማዝ፣ በአፏ የወርቅ ጥርሶች ነበሩ። አጭርና ወፍራም፣ ቆዳዋም ጠቆር ያለ ነበር። በወቅቱ የቲያትር አሠሪዎች ቀያዮቹን ቀጫጭን ልጃገረዶች ይመርጡ ነበርና፣ ቁመናዋን ሳትደብቅ በወርቅ አስጊጣ መቅረቧ ተመልካቿ ስለ ራሱ መልክ የሚሰማውን ንቀት የሚሽር ነበር።

አብረዋት የሠሩ ሰዎች ለጋስና ደመወዝ በወቅቱ የምትከፍል አለቃ እንደነበረች መስክረዋል። ዶርሲ ሲያገባ ሚስቱ ከባሏ እንዳትለይ ሬይኒ የልብስ ኃላፊ አድርጋ ቀጥራታለች።

ፍቅርና ሕግ

በ1920ዎቹ በሁሉም የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጡ ሕጎች ነበሩ። በዲሴምበር 1924 ሄንሪ ገርበር የተባለ ሰው በቺካጎ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን መብት የሚያስጠብቅ ማኅበር በሕጋዊ መንገድ አስመዘገበ፤ በዓመቱ ፖሊስ መሪዎቹን በማሰሩ ማኅበሩ ፈረሰ። ሬይኒ በዚያው ከተማና በዚያው ጊዜ ትዘፍን ነበር።

እሷም በ1925 በቺካጎ በቤቷ ከሴቶች ጋር ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ጎረቤቶች ስለ ጫጫታው ለፖሊስ አመልክተው እንደታሰረች፣ በማግስቱም ቤሲ ስሚዝ ዋስ ሆና እንዳስፈታቻት ይነገራል። ይህ ታሪክ በሙዚቀኞች አፍ ሲተላለፍ የቆየ ሲሆን ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሱታል።

በጁን 1928 «ፕሩቭ ኢት ኦን ሚ ብሉዝ»ን አስቀረጸች። የርዕሱ ሐሳብ ማስረጃ ያለው ያቅርብብኝ እንደማለት ነው። በዘፈኑ የምትናገረው ሴት ወንዶችን እንደማትወድ፣ ጓደኞቿ ሴቶች እንደሆኑ፣ እንደ ወንድ ሸሚዝና ክራቫት አድርጋ እንደምትሄድ ሳትደብቅ ትናገራለች። ሰው የሚያማትን ታውቃለች፤ ግን እጅ ከፍንጅ የያዛት የለም። የዘፈኑ ጨዋታ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሕግን ቋንቋ፣ ማለትም ክስን፣ ምስክርንና ማስረጃን፣ ከፖሊሱ እጅ ወስዳ ለቀልድ ታውለዋለች። በዘፈኑ ውስጥ ጸጸት፣ ይቅርታ ወይም ቅጣት የለም። አጃቢዎቿ ማሰሮ የሚነፉና የልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ የሚፍቁ የመንደር ተጫዋቾች በመሆናቸው ዜማው የጭፈራ መንፈስ አለው።

ፓራማውንት ለዘፈኑ ባወጣው የጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ የሬይኒን ሥዕል አትሟል። በሥዕሉ ላይ የወንድ ኮት፣ ክራቫትና ባርኔጣ አድርጋ ከሁለት ያጌጡ ሴቶች ጋር በመንገድ ዳር ስታወራ፣ ፖሊስ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ሲያያት ይታያል። ኩባንያው ወሬውን ለሽያጭ መጠቀሙ ግልጽ ነው። ይህም ሆኖ ሥዕሉ ለጥቁር አንባቢ በሚደርስ ጋዜጣ ላይ መውጣቱ፣ ጉዳዩ በአድማጮቿ ዘንድ የማይታወቅ ምሥጢር እንዳልነበረ ያሳያል።

ይህ ዘፈን ብቸኛው አይደለም። በ1926 ያስቀረጸችው «ሲሲ ብሉዝ» ባሏን ሴታሴት የሆነ ወንድ የወሰደባትን ሴት ያሳያል፤ ነገሩ የሚተረከው በግርምትና በቀልድ እንጂ በእርግማን አይደለም።

ሬይኒ በዚህ ረገድ ብቻዋን አልነበረችም። ቤሲ ስሚዝም ከሴቶች ጋር ግንኙነት ነበራት። በኒው ዮርክ ሃርለም ግላዲስ ቤንትሊ ነጭ ሱፍ ለብሳና ረጅም ባርኔጣ ደፍታ ፒያኖ እየተጫወተች ትዘፍን ነበር። ይሁንና ይህ ነጻነት በማንኛውም ጊዜ ሊነጠቅ የሚችል ነበር። ቤንትሊ በ1952 ፀረ ኮሚኒስትና ፀረ ተመሳሳይ ፆታ ዘመቻ በተፋፋመበት ወቅት ለኤቦኒ መጽሔት በጻፈችው ጽሑፍ የቀድሞ ሕይወቷን ክዳለች፤ ከሕመም እንደዳነችም ተናግራለች።

ደስታ እንደ ተቃውሞ

ብሉዝ ለረጅም ጊዜ የሐዘን ሙዚቃ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። የሬይኒ ሥራ ግን ይህን አመለካከት ያጠበበ ሆኖ አሳይቷል። ሳንድራ ሊብ በ1981 ባሳተመችው የሬይኒ የሕይወት ታሪክና የዘፈን ጥናት፣ በግጥሞቿ ውስጥ ፌዝና ጨዋታ ትልቅ ቦታ እንዳላቸው አሳይታለች።

አንጄላ ዴቪስ በ1998 ባሳተመችው ስለ ሬይኒ፣ ቤሲ ስሚዝና ቢሊ ሆሊደይ የሚያወሳ መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን ከባርነት ታሪክ ጋር አያይዛዋለች። በእሷ አስተያየት ባርነት ሲሻር የጥቁሮች ድህነት አልተለወጠም፤ የፖለቲካ መብታቸውም ወዲያው ተነፍጓል። በእውነት የተለወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ወደፈለጉት መጓዝ፣ መማርና የሚያፈቅሩትን ሰው ራሳቸው መምረጥ። በባርነት ዘመን ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የሚወስነውና ልጆችን የሚሸጠው ጌታው ነበር። ስለዚህ በብሉዝ ውስጥ ጉዞና ፍቅር እንዲህ ደጋግመው መምጣታቸው ዝም ብሎ አይደለም፤ ነጻነት በእጅ የሚዳሰስባቸው ቦታዎች እነዚህ ነበሩ።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ሬይኒ ሴት ማፍቀሯን በደስታ መዝፈኗ የራስን አካልና ልብ የማዘዝ መብትን እስከ ጫፉ ያደረሰ ነው። ይህን ያደረገችው በሰልፍ ወይም በንግግር አይደለም፤ ስለ ነጮች ግፍ በቀጥታ የዘፈነቻቸው ዘፈኖችም ጥቂት ናቸው። አድማጮቿ ግን ሳምንቱን ሙሉ አንገት ደፍተው የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ቅዳሜ ማታ ድንኳን ውስጥ አንዲት ጥቁር ሴት ወርቅ አጥልቃ፣ የወደደችውን ወድጃለሁ ብላ ስትስቅ ማየት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነበር። ገጣሚው ስተርሊንግ ብራውን በ1932 ባሳተመው ስለ እሷ በተጻፈ ግጥም የሚያሳየው ይህንኑ ከየመንደሩ ተሰብስቦ የሚጠብቃትን ሕዝብ ነው።

ተቃዋሚዎችም ነበሯት። ብዙ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ብሉዝን የሰይጣን ሙዚቃ ይሉት ነበር። የተማሩ ጥቁሮች በበኩላቸው፣ ነጮች በሕዝባቸው ላይ ለሚያቀርቡት ስድብ ሰበብ ይሆናል ብለው የሚሰጉ ብዙ ነበሩ።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1928 መጨረሻ ፓራማውንት የሬይኒን ውል አላደሰም። የገጠር ስልቷ ከፋሽን ወጥቷል የሚል አስተያየት በኩባንያው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ የሸክላ ገበያ ወደቀ፤ ድምፅ ያለው ፊልም ደግሞ የቲያትሮቹን ተመልካች ወሰደ። ፓራማውንት ራሱም በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሸክላ ሥራውን አቆመ። ሬይኒ በአነስተኛ የድንኳን ትርዒቶች ለጥቂት ዓመታት ቀጠለች።

በ1935 ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ኮሎምበስ ተመለሰች። በዝናዋ ዘመን ገንዘቧን ስላላባከነች ለቤተሰቧ ቤት አሠርታ ነበር፤ ቲያትር ቤቶችንም ታስተዳድር ጀመር። ወንድሟ ዲያቆን በነበረበት የፍሬንድሺፕ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንም አባል ሆነች። የቀድሞ የባንዷ መሪ ዶርሲም በዚሁ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን አዘንብሎ የብሉዝን ዜማ ከመዝሙር ጋር በማዋሐድ የጎስፔል ሙዚቃ አባት ሊባል በቅቷል።

ሬይኒ ዲሴምበር 22 ቀን 1939 በልብ ድካም ሞተች። የተቀበረችው በኮሎምበስ በፖርተርዴል መቃብር ነው። በሞቷ ጊዜ በተመዘገበው መረጃ ላይ ሥራዋ የቤት ውስጥ ሥራ ተብሎ ተጽፏል። በ14 ዓመቷ መድረክ ላይ ወጥታ ያመለጠችው ዕጣ በመዝገብ ተመልሶ የተጻፈባት ይመስላል።

ውርስ

በ1940 ጊታሪስቷ ሜምፊስ ሚኒ በስሟ መታሰቢያ ዘፈን አስቀረጸች። ከዚያ በኋላ ግን ስሟ ለብዙ ዓመታት ከሸክላ ሰብሳቢዎች ውጪ እምብዛም አይነሣም ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሴቶች መብትና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት ንቅናቄዎች የቀደሙትን ሲፈልጉ «ፕሩቭ ኢት ኦን ሚ ብሉዝ»ን እንደገና አገኙት።

ፀሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን «ማ ሬይኒስ ብላክ ቦተም» የተሰኘውን ተውኔት ጽፎ በ1984 በብሮድዌይ ቀረበ። ርዕሱን የወሰደው በ1927 ካስቀረጸችው ዘፈን ነው። ተውኔቱ በልብ ወለድ መልክ በቺካጎ አንድ የሸክላ ቀረጻ ቀን ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ሬይኒ ከነጭ አሠሪዎች ጋር ስለ ድምፅዋና ስለ ክብሯ ትታገላለች። በ2020 በጆርጅ ሲ. ዎልፍ አዘጋጅነት ፊልም ሆኗል። ሬይኒን ሆና የተጫወተችው ቫዮላ ዴቪስ ስትሆን ፊልሙ የተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን የመጨረሻ ሥራ ነው። በአልባሳትና በፀጉርና ገጽ ቅብ ሁለት የኦስካር ሽልማቶች አግኝቷል።

ሬይኒ በ1983 ወደ ብሉዝ የዝና አዳራሽ፣ በ1990 ደግሞ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገብታለች። በ1994 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስሏ ያለበት ቴምብር አውጥቷል። «ሲ ሲ ራይደር ብሉዝ» በ2004 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለታሪክ ከሚያስቀምጣቸው ቀረጻዎች ተርታ ገብቷል። በ2023 ከሞቷ ከሰማንያ ዓመት በላይ በኋላ የግራሚ የሕይወት ዘመን ሽልማት ተሰጥቷታል።

በኮሎምበስ በአምስተኛ ጎዳና ላይ የሚገኘው የመጨረሻ መኖሪያ ቤቷ ከ2007 ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚዎች ክፍት ነው። ያደገችበት የጆርጂያ ክፍለ ግዛት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጣው ሕግ የተሻረው በ1998 ነው፤ ይህም ማስረጃ ያለው ያቅርብብኝ ብላ ከዘፈነች ከሰባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።